ቤት ያፈራውን

አዲስ አበባ ውስጥ ወሰን በሚባለው ሰፈር የቆየ የማርያም ጽዋ ማኅበር አለ፤ በየወሩ በ21 ይጠጣል። አባላቱ በሐዋርያት ቁጥር አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንዲት እናት ካረፉ ወዲህ አሥራ አንድ ቀሩ። እናቴ ከአባላቱ አንዷ ናት። ሙሴዋ፣ ማለትም የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ሲሆኑ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላቸዋል። እኔ ወረዳ ውስጥ በሴፍቲኔት ሥራ ላይ ስለቆየሁ ደንብ መጻፍ ይችላል ተብዬ የማኅበሩን መተዳደሪያ እንዳድስ ተጠራሁ። ማኅበርተኛውን ለሁለት የከፈለው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከየካ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ እያወረደች በመሸጥ የምትኖር ጎረቤታቸው በባዶው ቦታ ልግባ ብላለች። ከእትዬ ጋር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን የተነጋገርነው ይህ ነው።

እኔ፦ እትዬ፣ ከመጻፌ በፊት ነገሩ በደንብ ይግባኝ። ሴትዮዋ የፈለገችው እርዳታ ነው ወይስ ሌላ?

እትዬ፦ እርዳታ ብትጠይቅማ ማን ይከራከራት ነበር? እዚህ ሰፈር ለችግረኛ የሚሰስት የለም፤ እግዜር ያክብራቸው። ባለፈው እናንተ ቤት ጽዋው ሲጠጣ በር ላይ ደረሰች። ሸክሟን የአጥራችሁ ግንብ ላይ አስደግፋ ቆመች። ተሸካሚዎቹን ልብ ብለህ አይተሃቸው እንደሆነ ሸክም መሬት አያወርዱም። አንዴ መሬት ከነካ ብቻቸውን መልሰው አያነሡትም። ስለዚህ ወገብ የሚደርስ ግንብ ይፈልጉና ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ገመዱ ደረታቸው ላይ እንደታሰረ ቆመው ያርፋሉ። እንደዚያው እንደቆመች ዳቦውንም ጠላውንም አወጣንላት። በላች፣ ጠጣች፣ መረቀችን። ከዚያ ምን አለች መሰለህ? «ሁልጊዜ እናንተ ታጠጡኛላችሁ፤ እኔስ እናንተን የማጠጣችሁ መቼ ነው?»

እኔ፦ ማኅበርተኛውስ ምን አለ?

እትዬ፦ ፊቷ ላይ ክፉ የተናገረ የለም። ከሄደች በኋላ ነው ክርክሩ የተነሣው። አንዷ «ምስኪን፣ ከየት አምጥታ?» አለች። ሌላዋ «እኛን ደግሳ ለልጆቿ የምታበላው ብታጣ ኃጢአቱ የማን ነው?» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «አንድ ክፍል የኪራይ ጭቃ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው የት ሊቀመጥ?» አለች። ሁሉም በርኅራኄ ነው የተናገሩት። እኔን ያስጨነቀኝም እሱ ነው፤ በክፋት ቢሆን ኖሮ ተቆጥቼ እገላገል ነበር።

እኔ፦ እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔም የማስበው እንደነሱ ነው። ለአንድ ጽዋ ዛሬ የሚወጣውን ያውቁታል። የፍስክ ቀን ከሆነ ዶሮው፣ ክትፎው፤ ጾም ከሆነ በያይነቱ፤ ለስላሳው፣ ቢራው፣ የኪራይ ወንበሩ። እሷ አንድ ሸክም የምትሸጥበትን ሒሳብ ያስሉት። የብዙ ወር ድካሟ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። እዚህ ላይ ደግነት ማለት «አይሆንም» ማለት ይመስለኛል።

እትዬ፦ ክትፎና ቢራ ያዘዘ ማን ነው? የቀድሞዎቹ ሲያጠጡ አይቻለሁ። ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ። ንስሐ አባታችን ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ደጅ ያለው ነዳይ ተጠርቶ ይገባል። ቀጣይዋ ተረካቢ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና በእልልታ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። በቃ። ከዚያ አንዷ ዶሮ ጨመረች፤ ቀጣይዋ ከእሷ ላለማነስ በግ አረደች። ዝክሩ የድንግል ማርያም መሆኑ ቀረና የባለቤቷ ሆነ። ከራሱ ከማኅበራችን ሁለት ሴቶች ተራቸው ሲደርስ ተበድረዋል። አይነግሩህም እንጂ እኔ ብድሩን አውቃለሁ። እንግዲህ ይህ ድግስ እሷን ብቻ መሰለህ የሚከለክላት? እኛንም እያስወጣን ነው።

እኔ፦ ይህን እቀበላለሁ። ግን እትዬ፣ የድግሱን ልክ ብንቀንስም የእሷ ድህነት እዚያው ነው። እኔ በሥራዬ የማየው ይህን ነው። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሲጀመር ለሰው ዝም ብሎ መስጠት አልነበረም ሐሳቡ። መሥራት የሚችል መንገድ ያጸዳል፣ አረንጓዴ ቦታ ይንከባከባል፤ ከሚከፈለው 20 በመቶውን ይቆጥባል፤ በ3 ዓመት ውስጥ በቁጠባውና በሚጨመርለት መነሻ የራሱን ሥራ ይጀምራል። መሥራት የማይችል አረጋዊና ሕመምተኛ ደግሞ በቀጥታ ይደጎማል። ለእሷ የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ መንገድ ነው። ጽዋ ምን ያደርግላታል?

እትዬ፦ ሥራህን አከብራለሁ፤ ልጄ ትሙት አከብራለሁ። ሰፈራችን ውስጥ በዚያ መንገድ ቀና ያሉ ሴቶች አሉ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ «ተመረቁ» ከተባሉት ስንቶቹ ቤት ገብተህ ቡና ጠጥተሃል?

እኔ፦ ሥራው ያንን አይጠይቅም።

እትዬ፦ አይጠይቅም። መንግሥት ቤቷ ገብቶ ቡና ሊጠጣ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። እኛ ግን እንችላለን፤ የታዘዝነውም እሱን ነው። እነዚህ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ዛሬ የበቀሉ እንዳይመስልህ። ምኒልክ ከእንጦጦ ከወረዱ በኋላ አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ከተማው ሁሉ ወደ አዲስ ዓለም ሊነቀል ነበር። በ1880ዎቹ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ያቆማት። ባሕር ዛፉ ግን በእግሩ አልወረደም። እንጦጦና የካን ያለበሰው ዛፍ ወደ ምጣዳችን የወረደው በሴቶች ጀርባ ነው። ከ30 ኪሎ በላይ ነው የሚሸከሙት፤ አንዳንዷ የራሷን ክብደት ያህል ትሸከማለች። ጎንበስ ብላ ስለምትሄድ ከእግሯ ፊት ያለውን ድንጋይ እንጂ ሰው አታይም። በደርግ ጊዜ ጥበቃ ይይዛቸው፣ ገመዳቸውን ይቀማቸው ነበር። ጤና ጣቢያ የሚመጡት ወገባቸውን ይዘው ነው፤ ማሕፀኗ የወጣ ስንቷን አይቻለሁ። «ዕረፊ፣ ከባድ አትሸከሚ» ብዬ መድኃኒት እጽፋለሁ፤ እሷም «እሺ እኅቴ» ብላ ከበሩ ወጥታ ወደ ተራራው ትሄዳለች።

እኔ፦ በ1980ዎቹ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር በተሠራ ፕሮጀክት የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ ወደ ሽመና የገቡ እንዳሉ አውቃለሁ። ነጠላና ሻርፕ እየሠሩ ለእንግዳ ይሸጣሉ።

እትዬ፦ አዎ፣ እንጦጦ በኩል። እግዜር ይስጣቸው። ያ ማኅበር ካደረገው ሁሉ እኔ የምወደው የቱን እንደሆነ ታውቃለህ? የቀድሞዎቹ ተሸካሚዎች ራሳቸው አባል መሆናቸውን። ሴትዮዋ መዝገብ ላይ «ተረጂ» ተብላ አልተጻፈችም።

እኔ፦ ተራራውም ቢሆን እንደ በፊቱ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ተመርቋል። የካ ላይም ቅጠል የሚለቀምበት ቦታ እየጠበበ መሄዱ አይቀርም።

እትዬ፦ ለዚህ ነው የምቸኩለው። ነገ ገመዷን ይዛ ወጥታ ባዶ እጇን ብትመለስ ለማን ትናገራለች? ዛሬ ደጃችን ላይ ቆማ ከበላች ነገም ደጃችን ላይ ነው የምትቆመው፤ ማፈሯም አይቀርም። ማኅበርተኛ ብትሆን ግን «እኅቶቼ፣ ዘንድሮ ከፋብኝ» ብላ ተቀምጣ ትናገራለች። የእድርተኛ ሬሳ ሲወጣ ማን ያፍራል? መብቱ ነዋ።

እኔ፦ ወንጌሉን ግን እንዴት ያደርጉታል? ጌታ ግብዣ ስታደርግ ወዳጆችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ መልሰው ይጠሩሃልና ነው ያለው። ድሆችን፣ አካል ጉዳተኞችን ጥራ፤ የሚመልሱልህ የላቸውም ብሏል። እርስዎ ደግሞ ድኻዋን ጠርተው እንድትመልስ ተራ ሊያስይዟት ነው። ተቃራኒው አይሆንም?

እትዬ፦ በደንብ ጠየቅኸኝ፤ ይህንን እኔም ሌሊት ሳገላብጠው ነበር። ጌታ ለእኛ ነው የተናገረው፤ ብድር አትጠብቁ አለን። ለድኻዋ «አንቺ አትስጪ» አላላትም። ሁለት ሳንቲም ይዛ ወደ መቅደስ የመጣችውን መበለት ያያታል። ያላት እሱ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። እጇን ይዞ «ተዪው፣ ለልጆችሽ ዳቦ ግዢበት» ብሏታል? አላለም። ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ አሳያቸው፤ ከሁሉ አብልጣ ሰጠች አለ። የሰራፕታዋንስ? ረኀብ ነው፤ አንዲት እፍኝ ዱቄት ቀርታታለች፤ እሷንና ልጇን አብልታ ለመሞት እንጨት ትለቅማለች። ልብ በል፣ እንጨት ነው የምትለቅመው። እግዚአብሔር ነቢዩን እንግዳ አድርጎ የላከው ወደ እሷ ቤት ነው። ኤልያስም «መጀመሪያ ለእኔ ጋግሪ» አላት። በእስራኤል ስንት ባለጎተራ ነበረ።

እኔ፦ የሰራፕታዋ ማድጋ ግን ዱቄቱ አላለቀም፤ ማሰሮዋም ዘይቱ አልጎደለም። እርስዎ ለጎረቤታችን ይህን ቃል ሊገቡላት ይችላሉ? ደግሳ፣ ሰጥታ፣ ማግሥቱን ልጆቿ ቢራቡስ?

እትዬ፦ አልችልም። እኔ ኤልያስ አይደለሁም። ለዚህ ነው ማኅበር አሥራ ሁለት ሰው የሚሆነው። የእሷ ዱቄት እንዳያልቅ ማየት የእኛ ሥራ ነው። ተአምር እንጠብቅ አላልኩም፤ እኛው እንድረስ ነው ያልኩት።

እኔ፦ እሺ። ግን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሲነግሩን ነው ያደግነው። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ ዳነ። በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ይህ ይነገራል። ጥርኝ ውኃ ከበቃ እኛ በየወሩ ዳቦና ጠላ ማውጣታችን ምን ያንሳል?

እትዬ፦ ለእሱ በቃው፤ ምክንያቱም ያን ሁሉ ነፍስ ከበላ በኋላ የሠራው በጎ ሥራ ያች ጥርኝ ብቻ ናት። አንተና እኔ ከተጠመቅን ስንት ዓመታችን ነው? በእሱ ሚዛን ተመዝነን ልንገላገል አይገባም። ያቺን ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ የሄደበት መንገድ ለእኛ መነሻችን እንጂ መድረሻችን አይደለም። ቅዳሴውን የምንሰማው ባስልዮስ ምን እንደሠራ ታውቃለህ?

እኔ፦ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ እንደሚጠራ አውቃለሁ።

እትዬ፦ ንስሐ አባታችን ነግረውን ነው እኔም ያወቅኩት። በአራተኛው መቶ ዓመት የቀጰዶቅያዋ ቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ ነበር፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችው። ከሀብታም ቤተ ሰብ ነው፤ ንብረቱን አካፍሏል። ክፉ ረኀብ በመጣ ጊዜ የባለጠጎቹን ጎተራ በስብከቱ አስከፈተ፤ አሸርጦ ለተራበው ምግብ አቀረበ። ኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ የሕሙማን፣ የድኾች፣ የመንገደኞች፣ የለምጻሞች መኖሪያ ሠራ። ሐኪምም አስታማሚም ነበረበት። ወዳጁ ጎርጎርዮስ አዲስ ከተማ አድርጎ ነው የቆጠረው። እና ባስልዮስ ለምጻሞቹን ይስማቸው ነበር። ሁሉም በሚሸሽበት ዘመን! እኔ ነርስ ነኝ፤ ቁስል ማጠብ ከብዶኝ አያውቅም። መሳም ግን ሌላ ነው። መሳም እንደ እኩያህ ማየት ነው።

እኔ፦ እርስዎም እንጦጦ ማርያም ጸበል የነበሩትን ሕሙማን ያገለግሉ ነበር ይባላል።

እትዬ፦ ማገልገል አትበለው፤ ሥራዬም ነበር። በኤች.አይ.ቪ. የተያዘው ከየአገሩ ተሰዶ እንጦጦ ይመጣ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም። ቤተ ሰብ ያባረረው፣ አከራይ ያስወጣው፣ ባል የፈታት። ተራራው ላይ አንድ ክፍል እየተከራዩ አራት አምስት ሆነው ይኖራሉ። ሌሊት በዚያ ብርድ ተነሥተው ወደ ጸበሉ ይሄዳሉ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙው «ጸበሉ ላይ መድኃኒት ብደርብ እምነቴ ጎደለ» ብሎ ተወው። ሰው እየሞተብን ለመንን። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ናቸው ብለው በግልጽ ሲናገሩ ነው መንገዱ የተከፈተው። ያ ቃል ስንት ነፍስ እንዳተረፈ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ እምነትና ስለ ርኅራኄ ማንም ቢጠይቀኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

እኔ፦ ከጽዋው ጋር ምን አገናኘው?

እትዬ፦ እዚያ አንድ ነገር አየሁ። እንደነርስ ነው የምነግርህ፤ ጥናት አልሠራሁበትም። ብቻዋን ተኝታ ምግብም መድኃኒትም የሚመጣላትና፣ ራሷ ታማ ሳለች የባሰባትን ደግፋ ወደ ጸበል የምትወስደው አንድ አይደሉም። ሁለተኛይቱ መድኃኒቷን ሰዓት ጠብቃ ትወስድ ነበር፤ የምትነሣለት ሰው ስላላት። አንዷን አስታውሳለሁ፤ ክፍላቸው ውስጥ ሽሮ የምትሠራው እሷ ነበረች። ጉንፋን ያዛትና «ተኝተሽ ታከሚ» አልኳት። «እነዚህን ማን ያበላቸዋል?» አለችኝ። አገገመች። እሷን ከምድጃው አንሥቼ አልጋ ላይ ባስተኛት ኖሮ እኔ አዝኜላት እሷ ትሞትብኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ጎረቤታችን «መቼ ነው የማጠጣችሁ?» ስትል እኔ የሰማሁት ጤነኛ ጥያቄ ነው። በሕይወት መኖር የፈለገ ሰው ጥያቄ።

እኔ፦ ይህ ይከብዳል፤ መልስ የለኝም። ሌላውን ልጠይቅ። ከማኅበርተኞቹ አንዳንዶቹ «ለነዳያን የምናወጣውን ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ማእከል እንላክ፤ እነሱ ያውቁበታል» ብለዋል። በስልክ ይላካል፣ ንጹሕ ነው፣ ሙግት የለውም።

እትዬ፦ ላኩ! እኔም እልካለሁ። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ አያት በኩል ነው ያለው፤ ስሙን ከሐዋርያት ሥራ ነው የወሰደው፤ ጳውሎስ በራእይ «ተሻግረህ እርዳን» ያለውን የመቄዶንያ ሰው ያየበት። መሥራቹ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ሲጀምር ጥቂት አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነበሩ፤ ዛሬ በሺዎች ናቸው። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላሉ። እኔ ሄጄ አይቻለሁ። ጎዳና ላይ ቆሽሾ፣ ቁስሉ ትል አፍርቶ የተገኘን ሽማግሌ የማያውቁት ወጣቶች ያጥቡታል፤ ጥፍሩን ይቆርጡለታል፤ «አባባ» ይሉታል። ያ ሽማግሌ ልጅ የለውም፣ ዘመድ የለውም፤ ሌላ ማረፊያ የለውም። የእኛዋ ሴትዮ ግን ቤት አላት፣ ልጆች አሏት፣ ጎረቤት አላት። ጎረቤቷ እኔ ነኝ። ጉርብትናን በስልክ እንዴት ትልከዋለህ?

እኔ፦ ወይዘሮ አበበች ጎበናን ሁልጊዜ ያነሣሉ። እሳቸውም የጀመሩት ከእንዲህ ያለ ቅርብ ነገር ነው አይደል?

እትዬ፦ እዳዬ! ነፍሷን ይማር። ከሰላሌ የመጣች ሴት ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ግሸን ማርያም ሄደች፤ ወሎ ረኀብ ገብቶ ነበር። ከሞተች እናቱ ጡት የሚጠባ ሕፃን አየች። ስንቋንና ጸበሏን አካፈለች፤ ሁለት ልጆች ይዛ አዲስ አበባ ገባች። ዓመት ሳይሞላ 21 ሆኑ። ባሏም ዘመዶቿም አበደች አሉ፤ ልጆቹን ይዛ ከሞቀ ቤቷ ወጣች። ምግብ እያዘጋጀች እየሸጠች አሳደገቻቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ስታርፍ ስንቱ ነው «እናቴ» ብሎ ያለቀሰው። ከእሷ ታሪክ ሰው ሁሉ ረኀቡን ያነሣል። እኔ የምይዘው ግን፣ ልጆቹ ልጆቿ ሆኑ እንጂ ተረጂዎቿ አልሆኑም። ሁሉም እዳዬ ነው የሚሏት። 

እኔ፦ አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ያረፉት እናት ልጅ አሜሪካ ናት። «ቦታው የእናቴ ነው» ብላ በየጊዜው ዶላር ትልካለች። ማኅበሩ ለነዳያን ከሚያወጣው ብዙው የእሷ ነው። ቦታውን ለቅጠል ለቃሚዋ ከሰጠነው ልጅቷ ትቀየማለች፤ ገንዘቡም ሊቀር ይችላል። ይህን አስበውበታል?

እትዬ፦ አስቤበታለሁ፤ ደውዬላታለሁም። እናቷን የገነዝኩ እኔ ነኝ፤ አትደብቀኝም። መጀመሪያ ከፋት። «እትዬ፣ እናቴን ልትሰርዟት ነው?» አለችኝ። እኔም «እናትሽ ጽዋዋን በእጇ ነው የጠጣችው፤ አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው ከእኛ ጋር ቁጭ ካልሽ?» አልኳት። አለቀሰች። እዚያ ብቻዋን ናት፤ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። ልጄ፣ እሷም ችግረኛ ናት፤ ችግሯ ገንዘብ ስላልሆነ ነው ያላየንላት። በመጨረሻ የእናቷ ስም በየወሩ በጸሎት እንዲነሣ ጠየቀችኝ፤ ይነሣል አልኳት። በየወሩ በ21 እንድትደውልና ድምፅዋን ለማኅበርተኛው እንድናሰማ ተስማማን። ዶላሩን ትላክ አትላክ አልጠየቅኳትም፤ አንተም ደንቡ ውስጥ እንዳታስገባው።

እኔ፦ እንግዲያው እንጻፍ። አንደኛ፣ ድግሱ።

እትዬ፦ «ጽዋ የምታጠጣ አባል ቤት ያፈራውን ታቀርባለች» በል። ከዚያ ግን ዝጋው፤ አለበለዚያ «ቤቴ ያፈራው በግ ነው» የምትል አትጠፋም። ዳቦ፣ ንፍሮ ወይም ቆሎ፣ ጠላ፤ ጠላ ያልቻለች ውኃ። ከዚህ በላይ ማቅረብ ክልክል ነው። ለሁሉም፤ ለባለ ፎቋም።

እኔ፦ ውኃም? አባ ይፈቅዳሉ?

እትዬ፦ ጠይቄያቸዋለሁ። «የምባርከው ጸሎት እስካለ ድረስ ነው» አሉኝ።

እኔ፦ ሁለተኛ፣ ከድግሱ የተረፈው ገንዘብ። እዚህ ላይ የእኔን ሐሳብ ይስሙኝ። ከዚህ በፊት ለድግስ ይወጣ ከነበረው ግማሹን እያንዳንዷ በየወሩ ሣጥን ውስጥ ታስገባ። ከሣጥኑ አባል ስትቸገር ትበደራለች፤ ያለ ወለድ። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰው ሲታመም፣ ኪራይ ሲጨምር። ጎረቤታችን ከሸክሙ መውጣት ብትፈልግ፣ ጉሊትም ይሁን እንጀራ መጋገር፣ መነሻ ይሆናታል። እዚህ ላይ የሴፍቲኔቱ ልምድ ይጠቅማል፤ አብሬያት ተቀምጬ ሒሳቡን እሠራለሁ። ከአባል ውጭ ላለ ችግረኛ ደግሞ የሃይማኖት ጥያቄ ሳይቀርብለት የሚሰጥ ድርሻ ይለይ።

እትዬ፦ ይህ ጥሩ ነው። ይህን እኔ አላሰብኩትም። አንድ ጨምርበት፤ ማን ይበደር፣ ለማን ይሰጥ የሚለውን ስንወስን እሷም ድምፅ ትሰጣለች። ሰፈሩ ውስጥ ጾሙን የሚያድር ማን እንደሆነ ከሁላችን በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እኔ ታማ የምትመጣውን ነው የማውቀው፤ እሷ ሳትታመም በፊት ታውቃለች።

እኔ፦ ክፍሏ ጠባብ ነው የሚሉትንስ?

እትዬ፦ ደጅ ላይ እንቀመጣለን። ክረምት ከሆነ ተጠጋግተን። እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ ዱካ ይዤ እሄዳለሁ።

እኔ፦ ተራዋን መቼ ልጻፍ? ለመጨረሻ ብናደርግላት ፋታ ታገኛለች።

እትዬ፦ ምንም አትጻፍ። ተራ በዕጣ ነው፤ ለሁላችንም በዕጣ ነው የወጣው። የእሷም ወረቀት ተጠቅልሎ ይግባ፤ የወጣው ይውጣ።

እኔ፦ የቅጣቱ አንቀጽ ቀርቷል። ነባሩ ደንብ ያለ በቂ ምክንያት የቀረች አባል ሁለት ኪሎ ስኳር ትቀጣለች ይላል። ለእሷ ማሻሻያ ልጨምር?

እትዬ፦ ምን ብለህ?

እኔ፦ «አቅሟ ታይቶ» ብዬ።

እትዬ፦ አትጨምር። ከቀረች እንደ ማንኛችንም ትቀጣለች። ይልቅ ስኳሩን ወደ አንድ ኪሎ አውርደው፤ ለእኔም ከብዶኛል። ጻፈውና አንብብልኝ።